ኡስታዙን ወይስ ራሳችንን? ከቴኒስ ሜዳ የተማርነው



የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ሜዳ ቴኒስ ነው። «ደግሞ ይሄ እኛን ምን አገባን?» የሚል ካለ ትንሽ ይታገሰን። እኛም ከጥቂት ዓመታት በፊት እንደዚያው ነበር ያልነው። መጨረሻ ላይ ግን ጉዳዩ ስለ ራኬትና ኳስ መሆኑ ቀርቶ ስለ ኡስታዞቻችን፣ ስለ ቁርኣናችንና ስለ ራሳችን ሆኖ አገኘነው።

አንድ ነገር አስቀድመን እንበል። ስፖርተኞችን የዲን አርአያ አድርገን ልናቀርብ አይደለም። አለባበሱም ሆነ ሌላው ነገር የራሱ ሑክም አለው፤ እሱን ለዑለሞቻችን እንተወዋለን። እኛ የምናወራው ሰው ሲወድቅ ማንን እንደሚወቅስና ከወደቀበት እንዴት እንደሚነሳ ነው። ይህን ደግሞ አላህ ከፈለገ ከየትም ያስተምራል።

ነገሩ የጀመረው በዒደል አድሓ ዕለት ነው። ቅዳሜ፣ ሐምሌ 2 ቀን 2014። በፈረንጆቹ ጁላይ 9 ቀን 2022 መሆኑ ነው። ዒድ ሰግደን፣ ኡዱሕያው ታርዶ፣ ስጋው ለጎረቤትና ለሚስኪን ተከፋፍሎ፣ የዘመድ ቤት ዚያራው አልቆ፣ የዐስርን ሶላት ሰግደን ስንወጣ አምስት ጓደኛሞች ሰፈራችን ወዳለው ኳስ ማሳያ ቤት ሄድን። የአውሮፓ ሊጎች እረፍት ላይ ስለነበሩ ቤቱ ባዶ ነበር። ቴሌቪዥኑ ላይ ሁለት ሴቶች ቴኒስ ይጫወታሉ። «ቀይርልን» ልንል ስንል አንዱ ጓደኛችን «ቆይ፣ ይህቺ እኮ የኛ ናት!» አለ።

ኦንስ ጃቢር ነበረች። ቱኒዚያዊት። በዊምብልደን የነጠላ ፍፃሜ የደረሰች የመጀመሪያዋ ዐረብ፤ በኦፕን ዘመን ደግሞ የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት። ያውም በዒድ ቀን! ስለ ጨዋታው ምንም የማናውቅ ሰዎች በአንድ ጊዜ ደጋፊ ሆንን። የመጀመሪያውን ዙር 6 ለ 3 ስታሸንፍ ተክቢራ ልናሰማ ትንሽ ነበር የቀረን። ሁለተኛውን 6 ለ 2 ተሸነፈች። በሦስተኛው ዙር ተጋጣሚዋ ኤሌና ሪባኪና 3 ለ 2 እየመራች ባለችበት ጊዜ በሪባኪና ሰርቭ ላይ 0 ለ 40 ሆነ። ኦንስ ሦስት ዕድል ነበራት ማለት ነው። አንዷን ብትጠቀም እኩል ትሆን ነበር። ሦስቱም አመለጧት። 6 ለ 2 አለቀ፤ ዋንጫውን ሪባኪና ወሰደች።

እኛም ወዲያው ፍርዳችንን ሰጠን። «ጥፋቱ የአሰልጣኙ ነው። መቀየር አለባት።» የአሰልጣኙን ስም እንኳ አናውቅም ነበር!

አሁን ስናስበው ያን ዕለት ማታ ስለ ኦንስ ብቻ አልነበረም የፈረድነው። ስለ ራሳችን ኡስታዝም ነበር።

ከዚያ ዓመት ረመዷን ማግስት ጀምረን ከመግሪብ እስከ ዒሻ ባለው ጊዜ በሰፈራችን መስጂድ ሒፍዝ እንቀራ ነበር። ኡስታዛችን በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ለአንዲት ሐርፍ ግን የማይራሩ ሰው ናቸው። አንድ ገፅ ይዘን እንሄዳለን፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ያስቆሙናል። «ድገም» ይላሉ። እንደግማለን። «ድገም።» አንዳንድ ቀን የገፁ ግማሽ ላይ ሳንደርስ የዒሻ አዛን ይላል። ሌላ ሰፈር የሚቀሩ ጓደኞቻችን «እኛ ሁለተኛ ጁዝእ ገባን» ሲሉን እናፍራለን። የዚያን ዕለት ማታ፣ ዒድ እንደመሆኑ ሆዳችን ጠግቦ፣ አምስታችንም ተስማማን። «ኡስታዝ ጥሩ ሰው ናቸው፤ ግን ዘዴያቸው ያረጀ ነው።» በሳምንቱ ተውናቸው። ሄደን እንኳ አልነገርናቸውም። ዝም ብለን ቀረን።

ከዚያ በኋላ አንዱ ጓደኛችን በዚያ ጨዋታ ተለክፎ ስለ ቴኒስ ማንበብ ጀመረ። ያነበበውን እየመጣ ያወራናል። መጀመሪያ ያስገረመን ይህ ነው። በእግር ኳስ አሰልጣኙን የሚቀጥረው ክለቡ ነው። ተጫዋች ካስቸገረ ተቀያሪ ወንበር ላይ ይቀመጣል። በቴኒስ ግን ነገሩ የተገለበጠ ነው። አሰልጣኙን የሚቀጥረው፣ ደመወዙን የሚከፍለው፣ ሲፈልግም የሚያሰናብተው ተጫዋቹ ራሱ ነው። ተማሪው የአስተማሪው አለቃ ሆኖ ማለት ነው! እንዲህ ባለበት ቦታ እውነቱን የሚናገር አሰልጣኝ እንጀራውን አደጋ ላይ ጥሎ ነው የሚናገረው።

ደግሞ ጨዋታው ሲጀመር ተጫዋቹ ብቻውን ነው። ለረጅም ዘመን አሰልጣኝ ከተመልካች ወንበር ምክር እንዳይሰጥ ሕጉ ይከለክል ነበር። በ2018 የዩኤስ ኦፕን ፍፃሜ ሴሬና ዊሊያምስ የመጀመሪያውን ማስጠንቀቂያ ያገኘችው አሰልጣኟ በእጁ ምልክት ሰጥቷል ተብሎ ነው። ሕጉ ቀስ በቀስ ላልቶ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ከሜዳው ዳር ሆኖ መምከር በዓለም አቀፉ ሕግ ተፈቅዷል። ቢሆንም ኳሷን የሚመታው ተጫዋቹ ነው። አሰልጣኙ የቱንም ያህል ቢያውቅ አንዲት ኳስ አይመታለትም።

ይህን ስንሰማ ፈገግ ብለን አለፍነው። የኛም ሁኔታ እንደዚያው መሆኑን አላስተዋልንም። እኛስ ብንሆን ዛሬ ኡስታዝ የምንመርጠው እንዴት ነው? በስልካችን ነው። ደስ ያለንን እንከተላለን፤ ስለ ሙዚቃችን፣ ስለ ፈጅር ሶላታችን፣ ስለ ምላሳችን የተናገረንን ጣታችንን ጫን አድርገን እናጠፋዋለን። ያሰናበትነው እሱን ይመስለናል እንጂ ያሰናበትነው ነሲሓውን ነው።

ሁለተኛው ኡስታዛችን ወጣት፣ ተጫዋችና ደግ ነበሩ። በቴሌግራም ድምፃችንን ቀድተን እንልካለን፤ «ማሻአላህ፣ ቀጥሉ» ይሉናል። በአራት ወር ሁለት ጁዝእ «ጨረስን»። ደስታችን ሌላ ነበር። ከዚያ ረመዷን መጣ፤ 1444። ከመካከላችን አንዱን እናቱ «ልጄ፣ ዘንድሮ ተራዊሕን ቤት አንተ አሰግደን» አሉት። እናትየዋ፣ ሁለት እህቶቹና አንዲት አሮጊት ጎረቤት ከኋላው ተሰለፉ። ፋቲሓን ቀራ። ከዚያ ሐፍዣለሁ ያለውን ሱራ ጀመረ። አራተኛው አንቀፅ ላይ ቆመ። ደገመ። እንደገና ቆመ። ከሌላ ሱራ የሚመሳሰል አንቀፅ ገባበት፤ ወጣበት። በመጨረሻ ሱረቱል ኢኽላስን ቀርቶ ሩኩዕ ወረደ። ከሶላት በኋላ እናቱ ምንም አላሉትም። «አላህ ይጨምርልህ» ብቻ አሉት። እሱ ግን ያቺን ሌሊት አልተኛም።

እኛስ ምን አልን? «ሁለተኛውም ኡስታዝ አልረባም፤ አላረሙንም እኮ!» የመጀመሪያውን ስላረሙን ተውናቸው፤ ሁለተኛውን ስላላረሙን ወቀስናቸው። ሱብሓነላህ!

ወደ ሦስተኛ ኡስታዝ ሄድን። ከሰፈራችን ሁለት ታክሲ ያስይዛል። ስማቸው የገነነ፣ ብዙ ሓፊዞችን ያወጡ ሰው ናቸው። ስድስት ሳምንት ተመላለስን። መጀመሪያ አንዱ ቀረ፣ ከዚያ ሁለተኛው፤ በመጨረሻ ሁላችንም በታክሲው ሰልፍ አሳበብን።

የቴኒስ አፍቃሪው ጓደኛችን በዚያ ሰሞን ስለ ኤማ ራዱካኑ ነገረን። እንግሊዛዊት ናት። በ2021 ገና በ18 ዓመቷ ከማጣሪያ ተነስታ ዩኤስ ኦፕንን አሸነፈች። አሥር ጨዋታ ተጫውታ አንድም ዙር አልተሸነፈችም፤ ከማጣሪያ መጥቶ ግራንድ ስላም የወሰደ ከእሷ በፊት ማንም አልነበረም። ከድሉ ጥቂት ጊዜ በኋላ አብሯት ከነበረው አሰልጣኝ ከአንድሪው ሪቻርድሰን ጋር ተለያየች። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ አሰልጣኝ ያዘች። በቀጣዮቹ ዓመታት ሁለተኛ ግራንድ ስላም አልመጣም። እውነቱን ለመናገር ምክንያቱ የአሰልጣኝ መቀያየር ብቻ ነው ማለት ግፍ ነው። በ2023 ሁለቱንም የእጅ አንጓዎቿንና ቁርጭምጭሚቷን ቀዶ ጥገና ተደርጋለች። ልጅነትም አለ፤ ዝናውም ከባድ ነው። ግን አንድ ነገር ገባን። አሰልጣኝ በተቀየረ ቁጥር ሁሉም ነገር ከሀሁ ይጀምራል። አዲሱ ሰው አንተን እስኪያውቅህ ወራት ይፈጃል። ሳያውቅህ ከቀየርከው፣ ስንት ዓመት ብትለፋ ሁልጊዜ መጀመሪያው ወር ላይ ነህ።

የኛ ነገር ይኸው ነበር። በአንድ ዓመት ሦስት ኡስታዝ፤ ሦስት ጊዜ ሀ ብሎ መጀመር።

ሐምሌ 8 ቀን 2015፣ በጁላይ 2023፣ ኦንስ እንደገና ዊምብልደን ፍፃሜ ደረሰች። በመካከል ዩኤስ ኦፕን 2022 ፍፃሜ ደርሳ በኢጋ ሽቪዮንቴክ ተሸንፋለች። አሁን ሦስተኛዋ ነው። አሰልጣኟን ኢሳም ጀላሊን አልቀየረችም። የአካል ብቃት አሰልጣኟም ያው ባለቤቷ ከሪም ከሙን ነው። በሩብ ፍፃሜው ያቺን ሪባኪናን አሸነፈች፤ በግማሽ ፍፃሜው አሪና ሳባሌንካን ከኋላ ተነስታ አሸነፈች። «በቃ ዘንድሮ የሷ ነው» አልን። በፍፃሜው ማርኬታ ቮንድሩሶቫን በመጀመሪያው ዙር 4 ለ 2 መራች። ተሸነፈች። በሁለተኛው 3 ለ 1 መራች። ተሸነፈች። 6 ለ 4፣ 6 ለ 4። እያለቀሰች በስፖርት ሕይወቷ እጅግ የሚያመው ሽንፈት ይህ እንደሆነ ተናገረች።

ያን ዕለት በመካከላችን ጭቅጭቅ ተነሳ። ግማሾቻችን «አየህ፣ አሰልጣኟን ባለመቀየሯ ነው!» አልን። የቴኒሱ ጓደኛችን ግን ዝም ብሎ ቆየና የአንዲ መሪን ታሪክ ነገረን። እኛን የቀየረን ይህ ታሪክ ነው።

መሪ ስኮትላንዳዊ ነው። ሦስት የግራንድ ስላም ፍፃሜዎች ላይ ደርሶ ሦስቱንም ተሸንፎ ነበር። በ2012 መጀመሪያ ኢቫን ሌንድልን አሰልጣኝ አድርጎ ያዘ። ሌንድል ማን ነው? ስምንት ግራንድ ስላም የወሰደ ሰው። ከዚያ በፊት ግን የመጀመሪያዎቹን አራት ፍፃሜዎቹን ተሸንፎ ነበር! መሪ የፈለገው ስሙን ብቻ አልነበረም፤ እሱ ያለበትን ጉድጓድ የሚያውቅ፣ ከዚያም የወጣ ሰው ነበር የፈለገው። ከዚያስ? ከሌንድል ጋር የደረሰበትን የመጀመሪያ የግራንድ ስላም ፍፃሜ፣ የ2012ቱን ዊምብልደን፣ በሮጀር ፌደረር ተሸነፈ። ሕዝብ ፊት አለቀሰ። እኛ ብንሆን በማግስቱ አሰልጣኝ እንቀይር ነበር። እሱ አልቀየረም። ከአራት ሳምንት በኋላ በዚያው ሜዳ ያንኑ ፌደረርን አሸንፎ የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደ። በዚያው ዓመት ዩኤስ ኦፕንን፣ በ2013 ደግሞ ዊምብልደንን አሸነፈ፤ ከ1936 ወዲህ የመጀመሪያው ብሪታኒያዊ ሻምፒዮን ወንድ ሆነ። በ2014 ተለያዩ። በ2016 ተመልሰው ተገናኙ፤ በዚያው ዓመት እንደገና ዊምብልደንን ወሰደ፤ የዓለም አንደኛም ሆነ። ሦስቱም ግራንድ ስላሞቹ የተገኙት ከሌንድል ጋር ሳለ ነው።

ስለዚህ ያ ጀመዓ፣ አሰልጣኝ መቀየር ኃጢአት አይደለም። ኡስታዝ መቀየርም እንዲሁ። ሰለፎቻችን ከሸይኽ ወደ ሸይኽ፣ ከአገር ወደ አገር ዒልም ፍለጋ ተጉዘዋል። ጥያቄው «ለምን ቀየርክ?» ነው። የጎደለህን ነገር አውቀህ፣ ያንን የሚሞላ ሰው ፈልገህ ነው? ወይስ መስታወት ፊትህን ስላሳየህ መስታወቱን መስበርህ ነው? ሱረቱል ከህፍ ላይ ያለውን የነቢዩላህ ሙሳንና የኸድርን ታሪክ እናስታውስ። አስተማሪው ገና ሳይጀምሩ የነገራቸው ስለ ትዕግስት ነበር። ከአስተማሪ ጋር የሚያቆየው መጀመሪያ ዕውቀት አይደለም፤ ሶብር ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል እንምጣ። ከአምስታችን አንዱ በዚያ ክረምት ከቁርኣን ጨርሶ ራቀ። እኛ ኡስታዞችን ስንወቅስ እሱ ማንንም አልወቀሰም። ራሱን ነበር የሚወቅሰው። «የኔ ጭንቅላት አይዝም። አላህ ለኔ አላለውም» ይላል። መጀመሪያ ትሕትና መሰለን። ቆይተን ስናየው ግን መስጂድ መምጣቱም እየቀነሰ ሄደ። ከኛ ጋር ሲሆን እንደሚያፍር ገባን፤ እኛም «ደደብ» እያልን ስንቀልድበት ከርመናል። አላህ ይማረን። እኛ «ኡስታዙ ነው» በሚለው ተሸሽገን ሳለ እሱ «አልችልም» በሚለው ተሸሽጎ ነበር። ሁለቱም መሸሸጊያ ነው። ከሁለቱም ውስጥ ሥራ የለም።

የአሪና ሳባሌንካን ነገር የሰማነው በዚህ መካከል ነው። በቴኒስ ነጥብ የሚጀመረው በሰርቭ ነው። ሁለት ዕድል ይሰጣል፤ ሁለቱንም ከሳትክ ተጋጣሚህ ምንም ሳይለፋ ነጥቡን ይወስዳል። ደብል ፎልት ይሉታል። ሳባሌንካ በ2022 በአንድ ዓመት ብቻ ከ400 በላይ ደብል ፎልት ሠራች። በሕዝብ ፊት ታለቅስ ነበር። ሰው ሁሉ «ጭንቅላቷ ነው፤ ጫና መቋቋም አትችልም» አለ። አሰልጣኟ አንቶን ዱብሮቭ ሳይቀር «ከዚህ በላይ የምሰጥሽ ነገር የለኝም» ብሎ ሊለቅ ፈልጎ ነበር። እሷ ግን ችግሩ ከአንተ አይደለም ብላ አስቀረችው። ከዚያ የሰውነት እንቅስቃሴን የሚያጠና ባለሙያ፣ ጋቪን ማክሚላን፣ አመጣች። ሰርቩ እንቅስቃሴው ላይ ስንጥቅ ነበረበት። ጭንቀቱ ስንጥቁን አሰፋው፤ ስንጥቁ ደግሞ ጭንቀቱን መገበው። እንደ ጀማሪ ቁጭ ብላ ከሥሩ አስተካከለችው። በጃንዋሪ 2023 አውስትራሊያን ኦፕን ፍፃሜ ላይ ሻምፒዮን የሚያደርጋት የመጀመሪያው ነጥብ ሲመጣ ምን ሠራች መሰላችሁ? ደብል ፎልት! ግን አልፈረሰችም። ቀጠለች፤ በአራተኛው ዕድል ዋንጫውን ወሰደች።

በነገራችን ላይ ሳባሌንካ በዚያ ሰሞን የሥነ ልቦና ባለሙያ ማማከሯን አቁማ ለስሜቷ ራሷ ኃላፊነት እንደወሰደች ተናግራለች። ኦንስና ሽቪዮንቴክ ግን በተቃራኒው ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር መሥራታቸው እንደጠቀማቸው በግልጽ ይናገራሉ። ለሁሉም የሚሆን አንድ መድኃኒት የለም። ጭንቀት የጠናበት ወንድም ወይም እህት ሐኪም ማማከሩ ከኢማን ጉድለት አይደለም፤ ሰበብ ማድረስ ነው። ግመሉን አስሮ ከዚያ በአላህ መመካት ነው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያስተማሩን።

ወደ መጀመሪያው ኡስታዛችን ለመመለስ የደፈርነው በ2016 መግቢያ ላይ ነው። ድፍረት የሰጠን ደግሞ ኖቫክ ጆኮቪች ነበር ብንል ትስቁ ይሆናል። ጆኮቪች በ2016 አጋማሽ አራቱንም ግራንድ ስላሞች በእጁ ይዞ ነበር። ከዚያ መውረድ ሲጀምር በ2017 ለረጅም ዓመታት ያሠለጠነውን ማሪያን ቫይዳንና መላ ቡድኑን አሰናበተ። ታላቁን አንድሬ አጋሲን አመጣ። የክርን ጉዳት ተጨመረበት፤ ቀዶ ጥገና ተደረገ፤ ደረጃው እስከ 22ኛ ወረደ። በ2018 ጸደይ ወደ ቫይዳ ተመለሰ። በዚያው ዓመት ዊምብልደንንና ዩኤስ ኦፕንን አሸነፈ፤ ዓመቱን በዓለም አንደኝነት ጨረሰ። ክርኑ መዳኑም የራሱ ድርሻ አለው። ግን እኛን የነካን ሌላ ነው፤ ያ ሁሉ ዋንጫ ያለው ሰው ያሰናበተውን አስተማሪ መልሶ ለመለመን አላፈረም። እኛ በምናችን እንፍራለን?

አራታችን አምስተኛውን ጎትተን ሄድን። ኡስታዝ ከመግሪብ በኋላ በዚያው ምሰሶ ሥር ተቀምጠው ሦስት ሕፃናትን ያስቀራሉ። ሰላም ብለን ቆምን። «ኡስታዝ፣ ዐውፍ ይበሉን፤ ሳንነግርዎት ነው የጠፋነው» አልናቸው። ቀና ብለው አዩንና «ተቀመጡ ልጆች፤ የት ነበር ያቆምነው?» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም። ወቀሳ ጠብቀን ነበር። ወቀሳው ይሻለን ነበር።

ከዚያ አንድ በአንድ አስቀሩን። «ጭንቅላቴ አይዝም» የሚለው ጓደኛችን ተራው ሲደርስ ሙስሐፉን ከፍተው ከመካከል አንድ መስመር እያየ እንዲቀራ አዘዙት። ተንተባተበ። ሌላ ገፅ። ተንተባተበ። ፈገግ ብለው «ልጄ፣ አንተ እኮ ችግርህ ሒፍዝ አይደለም፤ ፊደል ነው። ዛልና ዛይ፣ ሷድና ሲን ተቀላቅለውብሃል። ከስልክ በጆሮህ የሰማኸውን ነው የምትይዘው፤ ለዚህ ነው የሚመሳሰለው ሁሉ የሚምታታብህ» አሉት። ዓመት ሙሉ ጭንቅላቱን ሲረግም የኖረ ልጅ የቸገረው ቃዒዳ ነበር! በማግስቱ ከሰባት ዓመት ሕፃናት ጋር ተደርድሮ ከአሊፍ ጀመረ። ጉልበቱ ከጠረጴዛው በላይ ይታያል። ሕፃናቱ ይስቃሉ፤ እሱም ይስቃል። እየተቸገረ ቁርኣን የሚቀራ ሰው ሁለት አጅር እንዳለው በሐዲስ የመጣውን ኡስታዝ ሲነግሩት ግን እንባው መጣ።

ኦንስስ? ታሪኳን ቆንጆ አድርገን ብንጨርሰው ደስ ባለን። እንደ ፊልም ቢሆን በአራተኛው ፍፃሜ ታሸንፍ ነበር። አልሆነም። በ2023 መጨረሻ ካንኩን ላይ ያቺን በዊምብልደን ያስለቀሰቻትን ቮንድሩሶቫን አሸነፈች። ከጨዋታው በኋላ ማይክሮፎን ሲሰጣት ግን ስለ ድሉ አልነበረም ያወራችው። በየቀኑ ስለሚሞቱት የፍልስጤም ሕፃናት እያለቀሰች ተናገረች፤ ከሽልማት ገንዘቧም ከፊሉን ለፍልስጤማውያን እንደምትሰጥ አሳወቀች። ከዚያ በኋላ ጉዳት ተደራረበባት። በጁላይ 2025 ከቴኒስ እረፍት እንደምትወስድ አስታወቀች። ሜዳ ላይ ከሆነች ቆየት ያለ ደስታ እንዳልተሰማት ጻፈች። አገሯ ሰዎች «የደስታ ሚኒስትር» ብለው የሚጠሯት ሴት ናት እንግዲህ!

ታዲያ ምን ጎደላት? ታማኝ ቡድን ነበራት፤ አሰልጣኝ አላማታም፤ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበራት፤ በስልኳ ላይ የዊምብልደንን ዋንጫ ፎቶ ለጥፋ ዒላማዋን በየቀኑ ታይ ነበር። ሰበቡን አድርሳለች። ውጤቱ ግን የሰው እጅ ውስጥ አይደለም። የዛሬ «የስኬት አሰልጣኞች» የማይነግሩን ይህን ነው። «አስተሳሰብህን ቀይር፣ የፈለግከውን ታገኛለህ» ይሉናል። ሙስሊም ግን እንዲህ አይልም። ሙስሊም የሚጠቅመውን አጥብቆ ይይዛል፣ በአላህ ይታገዛል፣ አይሰንፍም፤ ከሆነ በኋላ ደግሞ «እንዲህ ባደርግ ኖሮ» እያለ የሸይጧንን በር አይከፍትም። ልፋቱ የኛ ነው፤ ቀደሩ የአላህ ነው። ሦስት ፍፃሜ ተሸንፋ አራተኛ ዓመት ራኬቷን ይዛ መውጣቷን እኛ እንደ ውድቀት አናየውም።

ወንድሜ፣ እህቴ! ነገ ኡስታዝህን፣ መምህርህን፣ አሠሪህን ወይም ጓደኛህን ለመቀየር ስታስብ ሦስት ነገር ራስህን ጠይቅ። አንደኛ፣ የጎደለኝን ነገር በስሙ ልጠራው እችላለሁ? «አልተመቸኝም» መልስ አይደለም። ሁለተኛ፣ ያዘዘኝን በእርግጥ አድርጌ ነው ያልሠራው? ወይስ ሳልሞክረው ነው? ሦስተኛ፣ የምሄድበት ሰው እውነቱን ሊነግረኝ ነው ወይስ ሊያሞግሰኝ? እነዚህን መልሰህ፣ ሰው አማክረህ፣ ኢስቲኻራ ሰግደህ ብትቀይር አላህ ያግዝህ። ስትለቅ ግን እንደኛ ሹልክ አትበል። ሂድና አመስግን፤ ዱዓ አስደርግ። ያስተማረህ ሰው ሐቅ አለብህ።

«አልችልም» የምትለውም ወንድሜ፣ «አልችልም» ከማለትህ በፊት የቱ ፊደል እንደተቀላቀለብህ የሚያይልህ ሰው ፊት ቁጭ በል።

እኛ ዛሬ ሓፊዞች አይደለንም። ሦስት ጁዝእ ደርሰናል፤ ግን የያዝነውን ሌሊት ቀስቅሰው ቢጠይቁን እንቀራዋለን፣ አልሐምዱሊላህ። ያ እናቱን ማሰገድ ያቃተው ጓደኛችን ባለፈው ረመዷን አሰግዷቸዋል። ባለ ቃዒዳው ጓደኛችን ጁዝእ ዐምማን ሊጨርስ ሁለት ሱራ ቀርቶታል። ከሁላችንም የሚጣራው የሱ ሐርፍ ነው። ኡስታዝ አሁንም «ድገም» ይላሉ። እኛም እንደግማለን።

አላህ ኡስታዞቻችንን ዕድሜና ዓፊያ ይስጥልን። ያስቀየምናቸውን ዐውፍ የምንልበት ልብ ይስጠን። ከቁርኣን የራቁ ወንድሞቻችንንና እህቶቻችንን በመልካም ይመልስልን። አሚን።

ለጓደኛችሁ፣ በተለይ «ጭንቅላቴ አይዝም» ለሚለው፣ አድርሱልን። ወላሁ አዕለም።